ሐጂ ኑሪ ሸረፋ እና በሰው ፊት ያልታረመው ቃል

ሐጂ ኑሪ ሸረፋ ከአባታቸው ከአቶ ሸረፋ ኸሊል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሩቅያ ሱሩር በስልጤ፣ በቅበት ከተማ አቅራቢያ፣ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ ሰው አልነበረም። እናታቸው "የበርበሬው ለቀማ ሳያልቅ ነው" ይሉ ስለነበር፣ እኛ ልጆቻቸው ከኅዳር ውስጥ አንድ ቀን መርጠን ልደታቸውን እናከብርላቸው ነበር። እሳቸው ኬኩን ይበሉና ቀኑን አይቀበሉም። ያላረጋገጥኩትን ነገር አልፈርምም ይሉን ነበር።

ሐጂ ኑሪ በመንደራቸው መድረሳ ቁርአን ከቀሩ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ ገቡ። ቀን ቀን በአጎታቸው ሱቅ እየሠሩ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም። ገበያው ቀድሞ ስለወሰዳቸው ነው።

በ1962 ዓ.ም. ሙሴ ሃጎፕ በሚባሉ አርመናዊ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ዘንድ በሻጭነት ተቀጠሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ቦጋለ ይባሉ ነበር፤ የራጉኤል ሰፈር ልጅ ናቸው። አቶ ቦጋለ የትኛው ብሎን በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ሣጥን እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሐጂ ኑሪ ደግሞ ኩሽኔታን ጆሯቸው ሥር አሽከርክረው ጤነኛውን ከበሽተኛው ይለዩ ነበር። አንዱ በማስታወስ፣ ሌላው በመስማት ተካፍለው የሙሴ ሃጎፕን ሱቅ በእግሩ አቆሙት። ወዳጅነታቸው የተጀመረውም ያኔ ነው።

ሙሴ ሃጎፕ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁ ሲዘጋ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ብሪጅ ይጫወቱ ነበር። ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ተጣማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ካርታ ከመውረዱ በፊት ጨረታ አለ፤ በጨረታውም እያንዳንዱ ተጫዋች በእጁ ስላለው ነገር ለተጣማሪው ፍንጭ የሚሰጠው በተፈቀዱ ቃላት ብቻ ነው። አራት ሰው ካልሞላ ጨዋታ የለም። ከጓደኞቻቸው አንዱ አገር ለቆ ሲሄድ ሙሴ ሃጎፕ ኑሪን ጠሩ፤ ሌላው ሲታመም ደግሞ ቦጋለን። ሁለቱ ሠራተኞች ለወራት አሠሪያቸውን ሲያናድዱ ከረሙ። ሙሴ ሃጎፕ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ኑሪ ብረት ሲናገር ይሰማል፣ ቦጋለ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲናገር ግን አይሰማም እያሉ ይቀልዱ ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ንብረታቸው ተወርሶ ሲሄዱ፣ ለሁለቱ አንድ ጥቅል ካርታና አንድ የብሪጅ መማሪያ መጽሐፍ ትተውላቸው ሄዱ።

ሐጂ ኑሪ በ1970 ዓ.ም. ሶማሌ ተራ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። አቶ ቦጋለም ጎናቸው ከፈቱ። በጋራው ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ በር አስወጡና፣ አንዱ ያጣውን ዕቃ ከሌላው እየወሰደ ሁለቱ ሱቆች እንደ አንድ ቤት ኖሩ። እሑድ ከሰዓትም ካርታውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ ሌሎችም ተጨመሩ፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከዚያ አራት ሆኑ።

ሐጂ ኑሪ በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማሂራ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሱሀይርን፣ ሙስአብንና ሀፍሷን ወለዱ። እናታችን ካርታውን ፈጽሞ አይወዱትም ነበር። ካርታ ያው ካርታ ነው፣ ዛሬ በባዶ የተጀመረ ነገ በሱቅ ያልቃል ብለው አምርረው ተከራከሩ። ነገሩ የመስጊዱ ሼኽ ዘንድ ደረሰ። ሼኹ ገንዘብ ይያዝበታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አባታችን ሰባራ ሳንቲም የለበትም አሉ። ሶላትስ ያሳልፍብሃል ወይ ሲባሉ "የአስርን ሶላት አልፎ አልፎ" አሉ። ሼኹም እንግዲያው እሱን አስተካክል አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሑዱ ጨዋታ አዛን ሲባል ይቆማል። ክርስቲያኖቹ ተጫዋቾች ካርታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ፤ የአቶ ቦጋለ ሥራ ማንም የራሱ ያልሆነውን ካርታ እንዳያይ መጠበቅ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሐጂ ኑሪ የሐጅ ግዴታቸውን ተወጡ።

በ2001 ዓ.ም. የእሑዱ ቡድን ክበብ ሆኖ ተመዘገበ፤ በኋላም የአህጉሩ ብሪጅ ማኅበር አባል ሆነ። አባልነቱ ሲመጣ ሕጉም አብሮት መጣ። የሕጉ ዋና ነገር ይህ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ምስጢር የለም። ለተጣማሪህ የምትሰጠው ፍንጭ ምን ማለት እንደሆነ ተጋጣሚህም የማወቅ መብት አለው። ከጠየቀህ ትነግረዋለህ። ተጣማሪህ ተሳስቶ ከነገረውም፣ የመጀመሪያው ካርታ ከመውረዱ በፊት ዳኛ ጠርተህ የገዛ ተጣማሪህን በተጋጣሚህ ፊት ታርማለህ። ዕቃው ከየት እንደመጣ ለእናቱ እንኳ የማይናገር ነጋዴ ይህን ሲሰማ ጉድ አለ። ሐጂ ኑሪም ይህ ሕግ መርካቶ ቢገባ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል ብለው አሳቁ። ነገር ግን ሕጉን ከማንም በላይ ያጠኑትና ለሌላው ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ መርካቶን ለማያውቅ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጎረቤትህ ለገዢ የተናገረውን፣ ስህተት እንኳ ቢሆን፣ ገዢው ፊት አታርምም። ገዢው ከሄደ በኋላ እንደፈለግህ ትቆጣዋለህ። አንድ ጊዜ አቶ ቦጋለ የትልቁን ኩሽኔታ በትንሹ ዋጋ ጠሩ። ሐጂ ኑሪ አጠገባቸው ቆመው እየሰሙ ምራቃቸውን ውጠው ዝም አሉ። ገዢው ዕቃውን ጠቅልሎ ከተራው እስኪወጣ ጠበቁና ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያን ዕለት በኪሳራው የተበሳጨ አልነበረም። ሐጂ ኑሪ ዕድሜ ልካቸውን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ በዚህም ጸባያቸው ተራው ሁሉ ያከብራቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሐጂ ኑሪና አቶ ቦጋለ ተጣምረው ለአህጉሩ ውድድር ናይሮቢ ሄዱ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ዓይነት ከረባት። ያልተጠበቀ ነገር ሆነና እያሸነፉ ቀጠሉ። የመጨረሻውን ግጥሚያ ካሸነፉ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ያልፋሉ። ሶማሌ ተራ ሱቁን ትቶ በስልክ ውጤት ይከታተል ነበር።

በዚያ ግጥሚያ፣ በጨረታው መካከል፣ ሐጂ ኑሪ አንድ ቃል ጠሩ። ያ ቃል በሁለቱ መካከል ለብዙ ዘመን "ባለ ልብ ካርታዬ ጠንካራ ነው" ማለት ነበር። ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ትርጉሙን ለውጠው "በልብ በኩል ደካማ ነኝ" ማለት እንዲሆን ተስማምተዋል። ከተጋጣሚዎቹ አንዷ አቶ ቦጋለን ትርጉሙን ጠየቀቻቸው። አቶ ቦጋለም በልበ ሙሉነት በልብ በኩል ጠንካራ ነው ማለት ነው አሏት። አዲሱን ስምምነት ረስተውት ነበር። ሰው ናቸው፣ ረሱ።

ሐጂ ኑሪ ሰሙ። ስህተት መሆኑን አወቁ። ሕጉ ዳኛ ጠርተው እንዲያርሙ ያዛል፤ ያንኑ ሕግ ክበቡ ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምረውታል። በኋላ ለልጃቸው ለሱሀይር እንደነገሯት፣ ዳኛ ሊጠሩ ያነሱት እጅ እስከ ኮሌታቸው ደርሶ ተመለሰ። ፊት ለፊታቸው ያለው ሰው ቦጋለ ነው፤ ጎንና ጎን የተቀመጡት ባዕዶች ናቸው። ያደጉበት ገበያ እጃቸውን ያዘው። ተጋጣሚዎቹ በተነገራቸው አምነው በባለ ልብ ካርታ ሳይጀምሩ ቀሩ። በእሱ ቢጀምሩ ኖሮ የእነ ሐጂ ኑሪ ጨዋታ ይወድቅ ነበር። አልወደቀም፤ ግጥሚያውንም ያሸነፉት በዚያች ብልጫ ነው።

ካርታው ሲገለጥ ተጋጣሚዎቹ አቤት አሉ። ዳኞቹ ሁለቱንም ጠርተው ጠየቁ። አቶ ቦጋለ ረስቼ ነው አሉ። ሐጂ ኑሪም የተጣማሪያቸውን መልስ ሰምተው እንደሆነ ሲጠየቁ ሰምቻለሁ፣ ስህተት መሆኑንም አውቄያለሁ አሉ። ታዲያ ለምን አላረሙም ተባሉ።

"ሰው ፊት ነበር" አሉ።

አስተርጓሚው ተረጎመላቸው፤ ዳኞቹ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ተጣማሪዎ በእርግጥ ረስተው ነው ወይስ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ነው? እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ሐጂ ኑሪ ግን አቶ ቦጋለን አዩ። መጋዘን ሙሉ ብሎን በቃሉ የሚያውቅን ሰው፣ እሱ በተቀመጠበት፣ በባዕድ ፊት፣ "አዎ፣ ረስቷል" ብሎ መመስከር ነውር ሆኖ ታያቸው። ሰውየው ራሱ ረሳሁ ካለ በላዩ ላይ መጨመር ምን ይሉታል ብለው አሰቡ። ከብበው አቆዩዋቸው፣ ደጋግመው ጠየቋቸው፤ አልመለሱም። ዝምታቸው የአቶ ቦጋለን እውነት ሰበብ አስመሰለው።

ውጤቱ ተሰረዘ። ሁለቱም በማታለል ለሁለት ዓመት ከውድድር ታገዱ፤ ስማቸውም በማኅበሩ ድረ ገጽ ከታገዱት ጋር ወጣ። ሕጉ በድሏቸዋል አንልም። ዳኞቹ የፈረዱት በሰሙት ነው፤ ያልሰሙትን ከየት ያምጡት?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከአውሮፕላኑ ቀድሞ መርካቶ ደረሰ። ሐጂ ኑሪ በተመለሱ ማግስት በትንሿ በር ገብተው አቶ ቦጋለን ይቅርታ ጠየቁ፤ ረስተህ መሆኑን እኔ አውቃለሁ አሏቸው። አቶ ቦጋለም ዕቃ መደርደራቸውን ሳያቆሙ መለሱላቸው።

"እኔማ አውቃለሁ፣ ኑሪ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ንገርልኝ።"

ሐጂ ኑሪ እሺ አሉ። ነገ ዛሬ ሲሉ የይግባኙ ጊዜ አለፈ፤ ዘግይተው ለማኅበሩ ሲጽፉ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣ። የመርካቶው ግን አልተዘጋም ነበር። አቶ ቦጋለ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሌላ ገንዘብ ያዥ አናውቅም። በዚያው ዓመት በእድሩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ በጣም በጨዋ ቋንቋ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው አብሮዎት ቢፈርም ምን ይመስልዎታል ብለው ጠየቋቸው። ለምን እንደሆነ የተናገረ የለም፤ ያልገባውም የለም። አቶ ቦጋለ የሣጥኑን ቁልፍ ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ሐጂ ኑሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሳምንት አቶ ቦጋለ የማጣሪያዎቹን መደርደሪያ ገፍተው ትንሿን በር ጋረዷት።

ሐጂ ኑሪ ቃሉን ለመመለስ አልሞከሩም ማለት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በእድሩ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ቆመዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ስለ ዝናቡ ተናግረው ተቀመጡ። በሁለተኛው ጊዜ ሰዉ ሁሉ ምን ሊሉ ነው ብሎ ፀጥ ሲልላቸው፣ የድንኳኑ ገመድ አርጅቷልና ይለወጥ አሉ። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ፤ ገመዱም ተለወጠ። ዛሬ የተቀመጥንበት ድንኳን የቆመው በዚያ ገመድ ነው። ያን ማታ ቤታቸው ገብተው እራት አልበላም አሉ። እናታችን ምን ሆንክ ቢሏቸው፣ ማሂራ፣ ምላሴን እንደ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቆልፌበት ኖሬ ዛሬ ቁልፉ ጠፋኝ አሏቸው።

እገዳው ካለፈም በኋላ ሐጂ ኑሪ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምረው አልተጫወቱም። የክበቡ ዳኛ ሆኑ። ገርና ዝምተኛ የነበሩት ሰው ዳኛ ሲሆኑ አስቸጋሪ ሆኑ። ማንም ተጣማሪውን ሳያርም እንዲያልፍ አይፈቅዱም፤ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ፣ አሁን ተናገር፣ ካርታ ከወረደ በኋላ ምን ያደርግልሃል ይላሉ። ተጫዋቾቹ ይሰለቹና ከኋላቸው ይቀልዱባቸው ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው ግን ለማን እንደሚናገሩ ስለምናውቅ መሳቅ አልቻልንም።

ሐጂ ኑሪ በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አገኛቸው። እጥበት ላይ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ አቶ ቦጋለ ልጃቸውን ሳምራዊትን ብርቱካን አስይዘው ይልኩ ነበር። እሳቸው ግን አልመጡም። አባታችን ብርቱካኑን ለማንም አያካፍሉም፤ ሐኪሙ እንኳ ለኩላሊትዎ አይሆንም ሲላቸው አቅፈውት ይተኙ ነበር። ባለፈው ጥር ወር፣ አቅማቸው እየደከመ ሲመጣ፣ ሱሀይርን ጠርተው መናገር ያለባቸውን ነገሯት። እኔ ቆሜ ያልቻልኩትን ተኝቼ አንቺ አንብቢልኝ፤ ግን እድርተኛው ባለበት ይሁን አሏት። ሐጂ ኑሪ ሸረፋ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ፤ በዚያው ዕለት በኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብር ተቀበሩ።

በቀብሩ ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል፤ ላላያችሁት እንናገራለን። ሶላቱ ሳይሰገድ ልጃቸው ሙስአብ እንደ ደንቡ ፊታችሁ ቆሞ፣ በአባቴ ላይ ሐቅ ያላችሁ ለእኛ ንገሩን፣ ያለበለዚያም አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት ብሎ ጠየቀ። ሰዉ በአንድ ድምፅ አፉ ብለናል አለ። ከኋላ፣ ከክርስቲያኖቹ ወዳጆች መካከል፣ አቶ ቦጋለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እኔ አለኝ" አሉ።

ብዙ ሰው ደነገጠ። በቀብር ላይ ይህ ይባላል ወይ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሙስአብ ምን እንዳላቸው ጠየቃቸው።

"ቃል ነው። በሰው ፊት ነው የጠፋብኝ፣ በሰው ፊት ይመለስልኝ። እስኪመለስ አፉ አልልም" አሉ። ይህን ብለው አልሄዱም። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆነው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ሄዱ፤ አፈሩም እስኪያልቅ ቆሙ።

እኛ ልጆቻቸው አልተቀየምናቸውም። ትክክል ናቸው። ደግሞም ቃሉ በእጃችን ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ድንኳኑም የእድራችን ነው፤ ያን ጊዜ በስብሰባው የነበራችሁ ሁላችሁም እዚህ አላችሁ። ሐጂ ኑሪ ሸረፋ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ በልጃቸው በሱሀይር በኩል እንዲነገር ያዘዙት ይህ ነው፦

"ናይሮቢ ላይ ቦጋለ የተሳሳተው ረስቶ ነው። ከእኔ ጋር የተስማማው ተንኮል የለም። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም አንድ ቃል ብናገር ነፃ ይወጣ ነበር፤ አልተናገርኩም። እድሩ ቁልፉን ሲቀበለውም እዚያው ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። ለእሱ ክብር ያደረግሁት መስሎኝ ነበር። ክብሩን የበላሁት ግን እኔ ነኝ። ቦጋለ ሙሉ ዘመኑን ታማኝ ሰው ነው።"

ሐጂ ኑሪ ባለ ትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ማሂራ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁን፣ በቀብራቸው ለተገኛችሁና እስከ ዛሬ አብራችሁን ለተቀመጣችሁ ሁሉ አላህ ውለታችሁን ይክፈልልን ይላሉ።

አባታችን አላህ የራሱን ሐቅ ሲፈልግ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ አይምርም ብለው ነው ያሳደጉን። ጋሽ ቦጋለ፣ እድርተኛው ሰምቷል። የምሕረቱን ዱዓ ከማድረጋችን በፊት ዝም ብለን እርስዎን እንጠብቃለን።